ለጋሽ ዓለሙ ጠመንጃ የሚሆን አረር

የሌላዋ ሴት ባል ቅዳሜ ሲደርስ ኳስ ያያል፤ የእኔው ምድር ቤት ወርዶ አረር ይመዝናል። ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ኤፍሬም የራሱ ጠረጴዛ አለው። እዚያ ላይ ባዶ ቀለህ፣ ባሩድ፣ የጣት አንጓ የማያህሉ ሹል አረሮችና ወርቅ ቤት ያለውን የሚመስል ሚዛን ተደርድሯል። ጥይቱን ራሱ ነው የሚሞላው። ከሱቅ የተገዛ ጥይት ለእሱ የጎረቤት ወጥ ማለት ነው፤ ቢበላም አያምነውም። ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ሁሉም ነገር በብረት ሳጥን ይቆለፋል፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም።

ይህን አመል ያስያዙት ጋሽ ዓለሙ ናቸው። ኤፍሬም ካናዳ ሲገባ ኤርፖርት የተቀበሉት እሳቸው፣ መጋዘን ሥራ ያስገቡት እሳቸው፣ ስንጋባ በአባት ቦታ የቆሙለት እሳቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለሰውየው የቀራቸው ነገር ሁለት ነው፤ አንድ ጠመንጃና የቤተ ክርስቲያናችን ቫን። እሑድ ጠዋት በዚያ ቫን ወላጆቻቸው ሥራ የሚገቡ ወይም መኪና የሌላቸውን ልጆች ከየቤታቸው እየለቀሙ ሰንደይ ስኩል ያደርሳሉ። ቸርቹ ከተከፈተ ጀምሮ ያንን መሪ ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም። የስምንት ዓመቷ ልጄ ኤልያና ከቫኑ ልጆች አንዷ ናት። የእኛ ቤት የመጨረሻው መውሰጃ ስለሆነ፣ ጋሽ ዓለሙ በራችን ሲደርሱ ስድስቱ ልጆች ከኋላ ሲንጫጩ ይሰማል።

ጠመንጃው የሽኮኮ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ፈረስ የሚያረባ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፤ መስኩን ግራውንድሆግ የሚሉት ወፍራም አውሬ እየቦረቦረ አስቸግሮታል። ፈረስ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ እግሩ ይሰበራል። እኛ የፈረንጅ ሽኮኮ ነው የምንለው። ለዚህ የሚሆነው አፈሙዙ ጠባብ፣ አረሩ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ግን አደገኛ የሆነ ጠመንጃ ነው። ሽኮኮው ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ያውም ከሩቅ። ጋሽ ዓለሙ አንዴ ካለሙ አይስቱም ነበር። ኤፍሬምን ቃታ መሳብ ያስተማሩትም እዚያው መስክ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ነው።

ችግሩ የጀመረው በጸደይ ነው። ኤግሊንተን ዌስት ላይ ቫኑ የመንገድ ሥራ አጥር ገጭቶ የጎን መስታወቱ ረገፈ፤ ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። ማንም አልተጎዳም። ጋሽ ዓለሙ ስቀው ያ መንገድ ተሠርቶ የሚያልቀው ጌታ ሲመጣ ነው አሉ፣ እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ግራ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በቀኝ እጃቸው ይዘውት መቆም አበዙ። የቅዱስ ቁርባን ጽዋ ሲዞር በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። ሐኪማቸው ስፔሻሊስት ጋ መራቸው፣ ቀጠሮው ለኖቬምበር ሆነ። ስለ ቫኑ ለሐኪሙ ያሉት ነገር የለም፤ የነገሩት ለኤፍሬም ብቻ ነው።

ምን እንዳሉት ኤፍሬም እዚያው ማታ ቃል በቃል ነገረኝ። “ሰው ብጠይቅ ያባብለኛል” አሉት። “የዒላማ ወረቀት ግን አያባብልም። መቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት እተኩሳለሁ። ቀዳዳው አንድ ቦታ ከተሰበሰበ እነዳለሁ። ከተበተነ የሰው ልጅ አልጭንም፣ በዚያው ቀን ቁልፉን አስረክባለሁ።” ኤፍሬምን የፈለጉት ለዚህ ነበር። ጥይቱ የማያጠራጥር እንዲሆን፣ ኋላ ላይ እጃቸው በአረር እንዳያሳብብ።

መጀመሪያ የተኮሱት ግን ራሳቸው የገዙትን ነው። ዳንፎርዝ ሰፈር ደርሰው ሲመለሱ አንድ ሱቅ ገብተው፣ ካርቶኑ ላይ የዒላማ ሥዕል ያለበትን፣ ከባድና ረጅም አረር ያለውን ጥይት መረጡ። የውድድር ነው ተብለው። ወረቀቱ ላይ እንደ ዶሮ ጥሬ ተበተነ። ኤፍሬም ግን ያን ቀን ከመስኩ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው የገባው። ወረቀቱን ኪችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቀዳዳዎቹን አሳየኝ። ክብ አልነበሩም፤ ሞላላ ነበሩ። አንዱማ ተጋድሞ የገባ አረር ቅርጹን እንዳለ ጥሎ አልፏል።

አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር አለ አለኝ፤ አረሩን እያሽከረከረ የሚያስወጣው እሱ ነው። የጋሽ ዓለሙ ጠመንጃ አሮጌ ስለሆነ መስመሩ የሚዞረው በዝግታ ነው። ረጅምና ከባድ አረር ደግሞ ብዙ ሽክርክሪት ይፈልጋል፤ ያንን ካላገኘ ቀስ ብሎ እንደሚዞር እንዝርት ይንገዳገድና በጎኑ ይመታል። ለዚህ ጠመንጃ የሚስማማው አጭርና ቀላል አረር ነው።

“ቀዳዳውን እይው ሆሲ” አለኝ። “የእጃቸው አይደለም። የአረሩ ነው።”

አለቀስኩ። ከዚያ ደወልንላቸው፣ በስልክ አብረን ጸለይን። ጋሽ ዓለሙ አሜን ሲሉ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቤት አልነበረም። ኤፍሬም ከሽፍት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ሦስት ዓይነት ቀላል አረር ገዛ። አንድ በአንድ መዝኖ፣ በፀጉር የሚበላለጡትን ሳይቀር ለየ። ቀለሁን ቆረጠ፣ አስተካከለ፣ ባሩዱን ጨመረ፣ ቀነሰ። በራሱ ጠመንጃ እንዳይሞክረው የአፈሙዙ ነገር ይለያያል፤ የሳቸውን ለመዋስ ደግሞ አፈረ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር የሚሠራው። እየቆየ ግን ፊቱ ጠቆረ። እራት ላይ ስጠራው አይሰማም። አንድ ቀን ወርጄ አረር ነው የምትመርጠው ወይስ ትጸልይለታለህ ብዬ ጮህኩበት። ሁለቱንም አለኝ፣ ቀና ሳይል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባሌ የሞላላውን ቀዳዳ ምክንያት አምኖበታል እንጂ አላረፈበትም። እነዚያ አረሮች በጎናቸው ባይገቡ ኖሮስ የሚለው ጥያቄ ከሱ ጋር ይውልና ያድራል።

በሐምሌ አንድ ሰኞ፣ ሥራ ዝግ በነበረበት ቀን፣ ሦስታችን በቫኑ ሄድን። ኤልያናን ጓደኛዬ ጋ ተውኳት። የሄድኩት ሽኮኮ ገዳይ ልሆን አይደለም፣ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ ሰበብ የሚሆን ነገር ሁሉ የሸሸበት ቀን ነበር። ጋሽ ዓለሙ ምንጣፉ ላይ ተኙ፣ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢቱ ላይ አስደገፉ፣ ኤፍሬም የመረጠውን ጥይት አንድ በአንድ ተቀበሉ። እኔ በሩቅ ማሳያው መነጽር አጮልቄ እጠብቃለሁ። አምስቱንም ተኮሱ።

ወደ ወረቀቱ አብረን ሄድን። ቀዳዳዎቹ ክብ ነበሩ። በወረቀት መብሻ የተበሱ ያህል፣ እያንዳንዳቸው ንጹሕ ክብ። አረሩ ቀጥ ብሎ ሄዷል ማለት ነው፤ ኤፍሬም የለፋበት ነገር ልክ ነበር። ግን አንዱ ከላይ ጥግ፣ አንዱ ከታች በግራ፣ ሁለቱ ተራርቀው በቀኝ፣ አምስተኛው ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። ጋሽ ዓለሙ በሌባ ጣታቸው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ጣታቸው ወረቀቱን ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር።

“አንተ ደግሞ ተኩስ” አሉት ኤፍሬምን። “በዚሁ ጠመንጃ፣ በዚሁ ጥይት።”

አዲስ ወረቀት ሰቀልን። ኤፍሬም ተኛ። የመጀመሪያውን ሲተኩስ በማሳያው እያየሁ ነበር፤ መሐል ለመሐል ገባ፣ ጥቁሩ ነጥብ ውስጥ። ኤፍሬም ጭንቅላቱን ከሰደፉ ላይ አነሳና ወደ ጋሽ ዓለሙ ዞረ። እሳቸው ትንሽ ራቅ ብለው፣ ያንን እጃቸውን በሌላው አጥብቀው ይዘው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ባሌን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የተኮሳቸው አራቱ ጥይቶች እንደፈለጋቸው ሄዱ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ እንደነገሩ። እኔም ዓይኔን ከማሳያው ሳልነቅል ዝም አልኩ።

“አንተም?” አሉት ወረቀቱን ሲያዩ።

“እኔም ጋሼ። አረሩ ጠመንጃዋን አልተስማማትም። ሌላ እንፈልግላታለን።”

ጋሽ ዓለሙ ኤፍሬምን አቀፉት። ትከሻው ላይ ሆነው ተመስገን፣ ተመስገን እያሉ ሲያለቅሱ፣ ኤፍሬም በእሳቸው ትከሻ በኩል እኔን ያየኛል። እንዲህ ያለ ፊት ባሌ ላይ አይቼ አላውቅም።

ስንመለስም የነዱት እሳቸው ናቸው። ፎር ሀንድረድ ሃይዌይ ላይ፣ እየዘመሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እግሬ ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጣል። ቫኑ ቀስ እያለ ወደ ነጩ መስመር ይሸሻል፣ ሲነቁ መልሰው ይጎትቱታል፣ ደግሞ ይሸሻል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀብን። ጋሽ ዓለሙ የዘንድሮ ሹፌር ትዕግሥት የለውም አሉ። ኤፍሬም ከፊት ወንበር ሆኖ እጁን መሪው አጠገብ አንጠልጥሎ፣ ሳይነካው፣ እስከ ቤታችን ድረስ እንዲያ ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ጀመርኩ። ነገ ደውለህ ትነግራቸዋለህ አልኩት። አልችልም አለ። በአባት ቦታ የቆመልኝን ሰውዬ እጅህ ሞቷል በምን አፌ ልበለው አለ። ስፔሻሊስቱ ኖቬምበር ላይ ይነግራቸዋል፣ ከሐኪም ይስሙት አለ። እስከ ኖቬምበርስ ስለው፣ እግዚአብሔር ይጠብቃል አለኝ። እሱ ይጠብቃል፣ አንተ ትበትናለህ አልኩት። አላስተረፍኩለትም፤ ግን የተናገርኩት ሁሉ ለእኔም ነበር። በማሳያው ያየሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ውስጥ ኤፍሬም ሁለት ጊዜ ደወለላቸው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቶ ዘጋ። ፈሪ ብዬ ስልኩን ነጠቅሁትና እኔ ደወልኩ። ጋሽ ዓለሙ ድምፄን ሲሰሙ ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ የእኛ ቤት እንዲባረክ እንደሚጸልዩ፣ ሚስታቸው በሕይወት ቢኖሩ እንዴት እንደሚደሰቱ ነገሩኝ። እኔ የቤቱ አንበሳ ምን አልኩ? በሚመጣው ሳምንት ምሳ ይብሉልን አልኩና ዘጋሁ። ኤፍሬምም ፈሪ ሊለኝ ይችል ነበር።

ለፓስተር ደረጄ መንገርም አስበን ነበር። ግን ለፓስተሩ የተነገረ ነገር እሑድ በጸሎት ርዕስ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ መላው ጉባኤ እጃቸውን እጃቸውን ያያል። ይህን አናደርግባቸውም አልን። ሁሉም በር ተዘጋብኝ። ቀን ሥራ ላይ ስልክ እያነሳሁ የደንበኛ ስም እረሳለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ቫኑ ወደ ነጩ መስመር ይሸሻል።

ዓርብ ዕለት አንድ መላ መጣልኝ። ኤልያናን ራሴ አደርሳታለሁ። በቃ። ለጋሽ ዓለሙ መንገድ ላይ የምገዛው ነገር አለኝ እላለሁ፣ ማንም ክፉ አይናገርም፣ ማንም አያፍርም። ለኤፍሬም ስነግረው ጥሩ ነው አለ። ስለሌሎቹ ስድስት ልጆች አላሰብኩም ብል ውሸቴን ነው። አስቤያለሁ፤ ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። ያን ዕለት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ፣ አሁን ድረስ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

እሑድ ጠዋት ቫኑ በሰዓቱ መጣ። ጋሽ ዓለሙ ወርደው ደረጃችንን ወጡ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ፊታቸው ከዓመታት በፊት የነበረውን ይመስላል። ከኋላቸው ስድስቱ ልጆች መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ኤልያናን ይጠራሉ።

የተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። ዛሬ እኔ አመጣታለሁ ጋሼ፣ አይቸገሩ፣ ሾፕ የማደርገው ነገር ስላለ አብራኝ ትሂድ። ምን ችግር አለው አሉ፣ በራችሁ ላይ ቆሜ የለም እንዴ፤ አንቺ ገበያሽን አድርሺ፣ እሷ ከጓደኞቿ ጋ ትምጣ። አይ ደግሞ ልብሷም አልተስተካከለም አልኩ። ኤልያና ግን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን አንግታ በብብቴ ሥር ሾልካ ወጣች። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ክንዷን ያዝኳት። ካሰብኩት በላይ ጨምድጄ ነው የያዝኳት።

“ማሚ፣ ዩ አር ኸርቲንግ ሚ” አለች።

ጋሽ ዓለሙ እጄን አዩ። የልጅ ክንድ ላይ የተጣበቀውን እጄን። ከዚያ ፊቴን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ኤፍሬም የት ነው አሉኝ። ተኝቷል አልኩ። ቀና ሲሉ የላይኛው ፎቅ መጋረጃ ተወዛወዘ፣ ሁለታችንም አየነው።

ፊታቸው ዓይኔ እያየ ሲከስም ተመለከትኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዞረው ወደ ቫኑ አዩ። አንዱ ልጅ በመስታወቱ ላይ አፍንጫውን ጨፍልቆ ያስቃቸዋል። እጃቸውን አውለበለቡለት፣ በዚያው በሚንቀጠቀጠው።

“ሆሣዕና” አሉኝ በሙሉ ስሜ፣ በቀስታ፣ “እነዚህስ የማን ናቸው?”

እያንዳንዳቸው የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ከእናቶቻቸው ጋር መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ አንዷ አራስ እያለች ቤቷ ሦስት ቀን ያደርኩላት ናት። ጋሼ ብቻ አልኩ፣ ደግሜም ጋሼ።

ቁልፉን ከኪሳቸው ማውጣት አቃታቸው። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ቁልፉን ያንኮሻኩሻል፣ አይወጣም። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ ተዪኝ አሉ። በመጨረሻ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ልጆቹ እንዳይረፍድባቸው ንጂ አሉኝና ከኋላ ገብተው ከልጆቹ መሐል ተቀመጡ። ኤልያና አጠገባቸው ተቀመጠች። ኤፍሬም በባዶ እግሩ ደረጃው ድረስ ወርዶ ጋሼ እያለ ሲጣራ ሞተሩን አስነስቼ ነበር።

መንገድ ላይ ልጆቹ ጋሽ ዓለሙን ዛሬ ለምን አንተ አትነዳም ሲሏቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ቸርች ስንደርስ በሩን ከፍተው እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን ልጅ ትከሻውን እየነኩ አወረዱ። የመጨረሻዋ ኤልያና ነበረች፤ ክንዷ ላይ የቀላውን ቦታ አይተው በቀስታ እፍ አሉላት። ውስጥ ዝማሬው ተጀምሯል። እሳቸው ወደ በሩ አልሄዱም፣ መንገዱን ተሻግረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አመሩ። ቁልፉን በእጄ ይዤ ከፓርኪንጉ መሐል ጠራኋቸው፤ ሰምተውኛል፣ ግን አልዞሩም።